በስፒል የተያዘው እጅጌ

በሠርጉ ዋዜማ፣ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ፣ የሙሽራዋ ቬሎ ግራ እጅጌ ገና አልተሰፋም። በስፒል ብቻ ተይዞ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል።

ልብስ ሰፊዋ አክስቷ ናት። ሰፈርተኛው «እትዬ ልኬ» ይላታል። ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ ዳቦ ልትገዛ የምትወጣ፣ ሰው ሰላም እያለች እንኳ በዓይኗ ትከሻውን የምትለካ ሴት ስለሆነች ነው። ሠላሳ ምናምን ዓመት የሰው ልብስ ስትሰፋ እጇ ዝንፍ ብሎ አያውቅም ነበር። የታናሽ እህቷ ልጅ ልታገባ ስትል ግን እንደ ጀማሪ ተንቀጠቀጠባት። ቀኙን እጅጌ ሦስት ጊዜ ሰፍታ ሦስት ጊዜ ተርትራው፣ በአራተኛው እንደ ምንም ቦታውን ያዘ። ግራው ሊጀመር ነው።

ውጭ ቀዝቃዛ ካፊያ ይጥላል። ነጭ ጨርቅና እርጥበት አይዋደዱም ብላ የቤቱን መስኮት ሁሉ የዘጋችው ራሷ ልኬ ነበረች። ኩሽናው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የጋዝ ውኃ ማሞቂያ ደግሞ ከንጋት ጀምሮ አላረፈም። የሙሽራዋ እናት ከትናንት ጀምሮ እህቷ ቤት ሰፍራ፣ መጀመሪያ ፀጉሯን ታጠበች፤ ቀጥላ የጠረጴዛ ልብሶቹን አጠበች፤ ከዚያ «ገላዬንማ ሳልታጠብ» ብላ እንደገና ገባች። ሙሽራዋም ታጠበች። የእህትማማቾቹ አባት አባባም በግድም ቢሆን ታጠቡ።

እናትየዋ ከሳሎን እስከ ስፌቱ ክፍል እየተመላለሰች ግንባሯን ታሻለች።

«ራሴን ለሁለት ሊሰነጥቀኝ ነው» አለች። «የእንግዳው ዝርዝር ነው የገደለኝ።»

«እኔም ሆዴ ተገለባበጠ» አለች ሙሽራዋ፣ እጆቿን እንደ ወፍ ዘርግታ እንደቆመች።

«የሙሽራ ነገር ነው። እኔ በሠርጌ ዋዜማ ውኃ እንኳ በጉሮሮዬ አልወረደልኝም።»

ልኬ መርፌዋን አነሳች። ክሩን መርፌው ዓይን ውስጥ ለማስገባት ሦስት ጊዜ ሞክራ ሦስት ጊዜ ስታዋለች። አዲሱን መነጽሯን ጠርጋ መነጽሩን ወቀሰች፤ ቀጥላም እንቅልፍ ማጣቷን ወቀሰች። ሠርግ ያለበት ቤት መቼስ ለራስ ምታት ምክንያት አያጣም።

በአራተኛው ክሩ ገባላት። መርፌዋን ደረቷ ላይ ወጋ አድርጋ ስፒሎቹን መቁጠር ስትጀምር፣ ሳሎን ግድግዳ ላይ ያለው ማንቂያ ጮኸ።

ጩኸቱ ጆሮ ይወጋል። አራት ጊዜ ጮኸ፤ ትንሽ አረፈ፤ ደግሞ አራት ጊዜ።

ይህ ማንቂያ የሙሽራው ስጦታ ነው። ሙሽራው በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚሠራ፣ ከሰው ይልቅ ከብልቃጥ ጋር የሚግባባ ጸጥተኛ ልጅ ነው። እናትየዋ «ጭምቱ» የሚል ስም አውጥታለታለች። የአክስትየዋን ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጎበኝ ሲመጣ፣ በእጁ ትንሽ ነጭ ሳጥን ይዞ ነበር። «ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን መርዝ የሚለይ ነው» አላቸው። «ከጋዝ ማሞቂያ፣ ከከሰል፣ ከማንኛውም በደንብ ካልነደደ እሳት ይወጣል። ሽታ የለውም፤ ቀለም የለውም። ሰው ዝም ብሎ እንቅልፍ የመጣበት ይመስለዋል።» ለተሰበሰበው ሰው ያን ቀን ከዚያ በላይ አልተናገረም። እናትየዋ ግን ወሬውን ለወራት አላቆመችም። «አበባ ይዞ ይመጣል ስንል ጩኸት ይዞልን መጣ» እያለች ዘመድ ታስቅበት ነበር።

አሁንም ማንቂያውን ገልመጥ አድርጋ «ባትሪው ነው» አለች። «ባለፈውም እንዲሁ ሲለፈልፍ ባትሪ ቀይረሽለት ዝም አለ። አንቺ ሥራሽን ቀጥዪ፣ እኔ ወንበር አምጥቼ አወርደዋለሁ።»

ልኬ ጆሮዋን አቆመች። ባለፈው እንዲህ አልነበረም። ያን ጊዜ በየደቂቃው አንድ ጊዜ ጭው ብሎ ዝም ይል ነበር። ልጁ ግድግዳው ላይ ሲሰቅለው ያላትን አስታወሰች፤ ሌሎቹ ሳሎን ሲስቁ እሷ መሰላሉን ይዛለት ነበር። «አልፎ አልፎ አንዴ ብቻ ካለ ባትሪ ነው፤ ወይም ዕድሜው አልቋል። አራት አራት እያለ ከደጋገመ ግን ከየት መጣ ብለው አይመርምሩት። ሰዉን ይዘው ይውጡ።»

እህቷ ግንባሯን እያሻሸች ነው። የእህቷ ልጅ ፊት ቀላ ብሏል። የገዛ ራሷ ጭንቅላትም ከጠዋት ጀምሮ እንደ ከበሮ ይመታል። ሦስቱን ነገሮች እንደ ጨርቅ ጫፍ ለጫፍ ስታጋጥማቸው ልክ መጡላት።

«ባትሪ አይደለም» አለች። «ሁላችንንም አሞናል። እንውጣ።»

«ወዴት? በካፊያ?»

«በካፊያ።»

«ቆይ እኔ ኩሽናውን አየት አድርጌ...»

«ምንም አታዪም። በሩን ከፍተሽ ልጅሽን ይዘሽ ውጪ፤ በሩን ክፍቱን ተዪው።»

ልኬ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የምትናገር ሴት አይደለችም። አሁንም አላደረገችም። እህቷ ግን ይህን ቃና ታውቀዋለች፤ በልጅነታቸው ከጣሪያ ላይ ውረጂ ያለቻት በዚሁ ቃና ነበር።

«አክስቴ፣ ልብሱን ላውልቀው፤ ይቆሽሻል» አለች ሙሽራዋ። ከጀርባዋ ሃያ ስድስት ቁልፍ አለ፤ ሁሉም በጨርቅ የተለበጠ፣ ሁሉም እንደ ሽምብራ ያነሰ።

«እንዳለሽ ውጪ። ጫፉን ሰብስበሽ ያዢ።»

እናትና ልጅ ወጡ። ከጀርባ ክፍል ያሉት አባባ ቀሩ። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። አርባ ዓመት በባቡር ጣቢያ ምልክት ሲሰጡ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ጆሯቸውም አብሯቸው ጡረታ ወጥቷል። ማንቂያው ከደጃቸው ስር እየጮኸ እሳቸው ብርድ ልብሳቸውን እስከ አገጭ ስበው ጣሪያ ያያሉ። ልኬ ልቧ ፈራ። ከተኙበት አስነስቶ ከቤት ማውጣት በደህናው ቀን እንኳ የግማሽ ሰዓት ክርክር ነው። ቢጮኹባቸው «አታምባርቁብኝ» ይላሉ፤ ቢያባብሏቸው «ሕፃን አደረጋችሁኝ» ይላሉ።

ሳሎኑን ስታቋርጥ ዓይኗ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ባለ ቁራጭ ላይ አረፈ። ከሌላ ደንበኛ ካፖርት የተረፈ ቀይ ገበር ነው። ሳትቆም አነሳችው። አባባ በር ላይ ደርሳ አንድም ቃል ሳትናገር ክንዷን ቀጥ አድርጋ ዘረጋችና ቀዩን ጨርቅ ከፊታቸው አወዛወዘችው።

አባባ ብድግ አሉ። እግራቸውን ጫማቸው ውስጥ ከተቱ፣ ካፖርታቸውን ከመስቀያው ላይ አነሱ፣ ምን ሆነ ብለው እንኳ አልጠየቁም። አርባ ዓመት ሙሉ ቀይ ምልክትን ማንም ተከራክሮት አያውቅም፤ እሳቸውም አሁን ሊጀምሩ አይደለም። የልጃቸውን ክንድ ይዘው በር ላይ ሲደርሱ ብቻ ዞር ብለው፦

«መስመሩ ላይ የቀረ ሰው አለ?» አሉ።

ልኬ በእጇ የለም አለች። ወጡ።

መንገዱ ላይ ብርዱ ፊቷን እንደ ጥፊ መታት፤ ጥፊው ደግሞ ደስ አላት። ቆጠረች። እህቷ፣ ልጅቷ፣ አባባ፣ ከራሷ ጋር አራት። ስልኳ ከሽርጧ ኪስ ውስጥ ነበር። የእህቷ ስልክ ግን ከእንግዶቹ ዝርዝር ጋር ሳሎን ቀርቷል። የአደጋ ጊዜ ጥሪውን ደወለች። የተረጋጋ የሴት ድምፅ መለሰላት።

«ሁላችሁም ውጭ ናችሁ?»

«አራታችንም።»

«ራስ ያመመው፣ ያዞረው፣ ያቅለሸለሸው አለ?»

«ሁላችንንም ትንሽ ትንሽ። ልጅቷን ባሰባት።»

«መኪና ተነሥቷል፤ ሐኪምም አብሮ አለ። ንጹሕ አየር ላይ ቆዩ። ለምንም ነገር ቢሆን ተመልሶ የሚገባ ሰው እንዳይኖር።»

ስልኩ ገና ሳይዘጋ እናትየዋ ወደ በሩ ፊቷን አዙራለች።

«አይነርግቡ ኩሽናው በር ላይ ተሰቅሏል» አለች። «ጫማዎቹም እዚያው ናቸው። ትንፋሼን ይዤ በአንድ ሩጫ ገብቼ ልውጣ። ተመለስኩ።»

ልኬ ክንዷን ያዘቻት። «ገብተሽ ራስሽን ስተሽ ብትወድቂ፣ አንቺን ላወጣ እኔ እገባለሁ። እኔን ልታወጣ ልጅሽ ትገባለች። ነገ ለሠርጉ የሚቀረው ማነው?»

«አባባ» አለች ሙሽራዋ።

አባባ በተከፈተ ጫማ ማሰሪያ፣ ካፖርታቸውን ከሌሊት ልብሳቸው ላይ ደርበው፣ ቀዩን ጨርቅ ከልጃቸው እጅ ተቀብለው ቤቱን ዘብ እንደሚጠብቅ ሰው ቆመዋል። እናትየዋ አየቻቸው። ሳቅ አፈናት፤ ሳቁ ወደ ልጅቷ፣ ከልጅቷ ወደ ልኬ ዞረ። መንገድ ላይ፣ በካፊያ፣ ራሳቸውን እያመማቸው ሦስቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እናትየዋም መግባቱን ረሳችው።

ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ያያቸው ነበር። ነጭ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ባዶ እግሯን አስፋልት ላይ ስትስቅ ሲያይ መቀሱን አስቀምጦ ወጣ። ከኋላው ግማሽ ፊቱ በሳሙና አረፋ የተሸፈነ ደንበኛም ተከተለው።

«እትዬ ልኬ፣ ሠርጉ ነገ መስሎኝ» አለ።

«ቤታችን ውስጥ መርዝ ጋዝ ወጥቷል። የእሳት አደጋ ሰዎች እየመጡ ነው» አለችው። «ጥላህ ስር አስጠጋን።»

ሌላ ነገር አልጠየቀም። ከሱቁ ደጅ ያለውን ሸራ ጥላ እስከ ጫፉ ዘረጋው። ወንበር አወጣ፤ ለአባባ ባለመደገፊያውን፣ ለሙሽራዋ ያንን በእግር እየተረገጠ ከፍ ዝቅ የሚለውን ወፍራም የቆዳ ወንበር እየገፋ አመጣው። ለደንበኛ የሚያለብሳቸውን የታጠቡ ጨርቆች ከቬሎው ዘርፍ ስር ዘረጋ፤ አንዱንም ባዶ እግሯ ላይ ጠቀለለው። «ንጹሕ ናቸው፤ አንድ ፀጉር የለባቸውም» አለ፤ ነበረባቸው፤ ማንም ግን አላነሳውም።

የእሳት አደጋ መኪናው ብዙ አልቆየም። አዛዧ ረዘም ያለች፣ ቃሏ አጭር የሆነ ሴት ናት። ጥላው ስር ያለውን ጉባኤ፣ ከሙሽራዋ እስከ አረፋ ለባሹ ደንበኛ፣ አንድ በአንድ አየችው።

«ቤቱ ውስጥ የነበረው ማነው?»

ልኬ ነገረቻት። ማሞቂያው የት እንዳለ፣ መስኮቱ ሁሉ ዝግ እንደሆነ፣ ጩኸቱ መቼ እንደጀመረ፣ በልክ በልኩ። ሁለት ሰዎች የአየር ጋኖቻቸውን ተሸክመው፣ መለኪያ ይዘው ገቡ። ሌላው ግድግዳ ተጋሪውን ጎረቤት ቤት አንኳኳ፤ ይህ ጋዝ ግድግዳ አይገድበውም አሉ። ጎረቤቶቹ ሥራ ላይ ነበሩ፤ ሠራተኞቹ በበሩ ስንጥቅና በመስኮቱ በኩል ለክተው ቤቱ ደህና መሆኑን አረጋገጡ።

የጤና ባለሙያው አራቱንም ትንፋሽ በሚለካ መሣሪያ ውስጥ አስተነፈሳቸው። አባባ ከሁሉም የተሻሉ ነበሩ፤ ለመታጠብ ከወጡበት ጊዜ በቀር የክፍላቸው በር ሌሊቱንም ጠዋቱንም ዝግ ነበርና። በስፌቱ ክፍል ከኩሽናው በር አጠገብ ሁለት ሰዓት የቆመችው ሙሽራ ግን ከፍ ያለ ቁጥር አስመዘገበች። ወዲያው የኦክስጅን ጭንብል ፊቷ ላይ አደረገላት። እንደ ንግሥት በቆዳው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ከጭንብሉ በላይ ዓይኖቿ ብቻ እየታዩ፣ በእጇ ለአላፊ አግዳሚው ሰላምታ መስጠት ጀመረች። አንድ የከተማ አውቶብስ ሹፌር ፍጥነቱን ቀንሶ ጡሩንባ ነፋላት።

አዛዧ ከቤቱ ጎን ዞራ ተመለሰች።

«የማሞቂያው የጭስ ማውጫ አፍ ላይ ወፍ ጎጆ ሠርታበታለች» አለች። «መውጫ ያጣው ጭስ ወደ እናንተ ይመለስ ነበር። ጠዋቱን ሙሉ ውኃ ስታሞቁ ነው የዋላችሁት?»

ሁሉም ወደ እናትየዋ አዩ።

«ወፏን አትፍረዱባት» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «እሷም ልታገባ ይሆናል።»

አዛዧ አልሳቀችም። «ኩሽናው ውስጥ ያለው ልክ ከፍተኛ ነው» አለች። «ማንቂያው ባይኖር፣ ወይም ባትሪ ነው ብላችሁ አውርዳችሁት ቢሆን፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው።»

እናትየዋ ከተቀመጠችበት ወንበር እጀታ ላይ እጇ ጠበቀ። 

ሙሽራው የመጣው ያኔ ነው። ልኬ ደውላለት ነበር። የቤተ ሙከራውን ነጭ ካፖርት እንደለበሰ፣ ከትምህርት ቤቱ እስከዚህ በሩጫ፣ ላቡና ካፊያው አንድ ሆኖ ደረሰ። ሙሽራዋን በጭንብል ሲያያት ባለበት ቆመ። እሷ አውራ ጣቷን አሳየችው። ያኔ ትንፋሹን ሰብስቦ ቆጠረ፤ በጣቱ ሳይሆን በዓይኑ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

«ሁላችሁም ወጥታችኋል» አለ።

እናትየዋ ተነሣች። አጠገቡ ሄዳ ቆመች። እሱም ልማዱ ነውና ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ። አንገቱን ይዛ ግንባሩን ሳመችው።

«ስማኝ የኔ ልጅ» አለች። «ከእንግዲህ አበባ ይዘህ ብትመጣ በር አልከፍትልህም።»

ጭምቱ ሳቀ። ጥርሱን እናትየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው፤ የሚያምር ሳቅ ነበረው።

ቤቱ እስኪናፈስ መጠበቅ ነበረባቸው። የኦክስጅኑም ነገር አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል ተባለ። ካፊያው አባርቶ ደመናው ተገልጧል፤ ከሸራው ስር የሚገባው ብርሃን ለስፌት የተሠራ ይመስላል። ልኬ እጇን ደረቷ ላይ ስታሳርፍ መርፌዋ ነካት። ነጩ ክር ከነመርፌው እንደተወጋ አብሯት ወጥቷል።

«ክንድሽን ዘርጊ» አለቻት የእህቷን ልጅ።

ፀጉር አስተካካዩ ወንበሩን በእግሩ እየረገጠ እስከ ልኬ ደረት ከፍ አደረገላት። ልኬ ጎንበስ ብላ የመጀመሪያውን ስፒል ነቀለች፤ መርፌዋን ሰደደች። እጇ አልተንቀጠቀጠም። ሁለተኛውን ስፒል ነቀለች። ጭንቅላቷ ውስጥ ያለው ከበሮ ጠፍቶ፣ ዓይኗ እንደ ድሮው ጥርት ብሎ ነበር። ያ ሁሉ መፍታትና መስፋት ከፍቅር ብቻ እንዳልነበረ ያኔ ገባት፤ መነጽሩንም በልቧ ይቅርታ ጠየቀችው። አረፋ ለባሹ ሰውዬ ስፒሎቹን በመዳፉ ይቀበላል፤ እናትየዋ ጨርቁን ወጥራ ትይዛለች፤ ጭምቱ የኦክስጅኑን ቱቦ ከክንዷ ያርቃል። አባባ ከወንበራቸው ሆነው ከእግረኛ መንገዱ ጠጋ ያለውን ሁሉ በቀዩ ጨርቅ ያቆማሉ። «ሥራ ላይ ነን» ይላሉ። መንገደኛው ይቆማል፤ አይቶም ፈገግ ብሎ ዞሮ ያልፋል።

እጅጌው በአንዴ ገባ። ልኬ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ወደኋላ ሁለት እርምጃ ሄዳ አየችው። ተሰብስቦ የነበረው ሰው አጨበጨበ። ሙሽራዋ ጭንብሉን ከፍ አድርጋ «አክስቴ፣ ከቀኙ ይሻላል» አለች።

«አውቃለሁ» አለች ልኬ። «ቀኙን ማታ እፈታዋለሁ።»

«እትዬ» አለች እህቷ፣ «እባክሽ ተይው።»

ሁለተኛው የትንፋሽ ልኬት ደህና ሆነ። የጤና ባለሙያው ራስ ምታቱ ወይም ማዞሩ ከተመለሰ ሰዓት ሳትቆጥሩ ሆስፒታል ኑ ብሎ አስጠነቀቃቸው። አዛዧም መጣች። ጋዙ ተዘግቷል፤ ማሞቂያው ላይ ቀይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ባለሙያ ጠርጎ ሳይፈትሸው አይነካም። መስኮቱ ሁሉ ተከፍቷል፤ መግባት ይቻላል።

ሁሉም ተነሡ። አባባ ግን ንቅንቅ አላሉም።

«ማን ፈቀደ?» አሉ።

አዛዧ ጎንበስ ብላ መለኪያዋን አሳየቻቸው። አባባ ከካፖርታቸው ኪስ መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉ፣ ቁጥሩን አነበቡ፣ መስታወቱን በአውራ ጣታቸው ጠርገው እንደገና አነበቡ። ዜሮ ነው። «መስመሩ ክፍት ነው» ብለው ተነሡና ከሁሉም ቀድመው ገቡ። ቃል የማታበዛው አዛዥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

ጎጆው ውስጥ ገና እንቁላል አልተጣለም ነበር፤ ከእሳት አደጋ ሠራተኞቹ አንዱ እንዳለ አንሥቶ ከአጥሩ ዛፍ ላይ አስቀመጠው። የማሞቂያው ባለሙያ እስኪመጣ ሁለት ቀን ፈጀ። የሠርጉ ቀን ጠዋት ቤተሰቡ ሁሉ ፀጉሩን የታጠበው ፀጉር አስተካካዩ ሱቅ ውስጥ ነው፤ ሰውዬው ለደንበኞቹ በሩ ላይ «ዛሬ ለሠርግ ብቻ» ብሎ ለጥፎላቸው ነበር።

በሠርጉ አዳራሽ እናትየዋ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረች እንግዳ ታስተናግዳለች ሲባል፣ እሷ ሰውን ሁሉ ትመረምር ነበር። «እናንተ ቤት ማንቂያ አለ? የለም? ጭስ ማውጫችሁን ያስጠረጋችሁት መቼ ነው?» ምግብ በአፉ የያዘ ዘመድ ሁሉ እየተርበተበተ ነገ እገዛለሁ ብሎ ማለላት። ጭምቱ በሩቅ ሆኖ እያያት ጆሮው እስኪቀላ ይስቃል።

ልኬ ሠርግ በሄደች ቁጥር ጥግ ይዛ ተቀምጣ የሰውን ስፌት ስትመዝን የምታመሽ ሰው ነበረች። ያን ቀን ሙዚቃው ሲጀመር አረፋ ለባሹ ደንበኛ፣ አሁን ፊቱ ሙሉ በሙሉ ተላጭቶ፣ ከፊቷ መጥቶ እጁን ዘረጋላት። ከለበሰው ኮት ትከሻ ላይ አንድ ጣት ያህል ስፌት መሸሹን አየች። አየችና ተወችው። ሜትሯን ከአንገቷ አውልቃ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችና ልትጨፍር ተነሣች።